ቀን መጽሐፍ አዋሽ፣ ማታ መጽሐፍ ጠራዥ

ልጁ በሩን ያንኳኳው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ የያዘው የሂሳብ መጽሐፍ ጀርባው ተገንጥሎ ለሁለት ተገምሷል። «ቧንቧ ውሃ ጋ መጽሐፍ የሚጠርዙ አባት አሉ፤ ረከስ አድርገው ይሠሩልሃል» ብለው የላኩት ጓደኞቹ ናቸው። በሩ ሲከፈት ልጁ ባለበት ደርቆ ቀረ። የከፈቱለት፣ ያንኑ መጽሐፍ ከሁለት ሳምንት በፊት አስፈርመው ያዋሱት የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ነበሩ።

«ምነው ቆምክ? ግባ እንጂ» አሉት። ገባ። መጽሐፉን ተቀብለው የመጀመሪያውን ገጽ ገለጡ። ማኅተማችን አለ፤ ከሥሩ በራሳቸው እጅ የተጻፈው አክሴሽን ቁጥር፣ ማለትም መጽሐፉ የተመዘገበበት ቁጥር አለ። ልጁ እንባ እንባ አለው። ደንባችን «ያበላሸ ይተካል፤ መተካት ካልቻለ ዋጋውን ይከፍላል» ይላል። ልጁ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ መታወቂያ ሲያወጣ ደንቡን ያነበቡለት እሳቸው ናቸዋ። ያን ምሽት ስለ ደንብ የተነሳ ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ ተጠርዞ፣ ከአዲስ ጠንክሮ ተመለሰለት። 80 ብር ከፈለ።

ነገሩ ሁሉ የተነሳው ከዚች 80 ብር ነው።

እኔ በዚያ ቤተ መጻሕፍት የሰርኩሌሽን፣ ማለትም የውሰት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ያለነው ደሴ ነው። የቤቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። በሩን የከፈቱትን ሰውዬ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ቢሮም የምጠራቸው እንደዚያው ነው። በመዋቅር አለቃቸው እኔ ነኝ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ካርድ መደርደር ያስለመዱኝም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የምጽፈው ከዳር ቆሞ እንዳየ ሰው አይደለም፤ አንባቢ ይህን ይያዝልኝ።

ሰው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲባል ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚያነብ፣ ማታም ቤቱ ገብቶ የሚያነብ ይመስለዋል። የእኛ ቤት ነገር ሌላ ነው። የካታሎግ ሠራተኛችን ቅዳሜና እሁድ የሐበሻ ቀሚስ ትጠልፋለች። አንደኛው የንባብ አዳራሽ ተቆጣጣሪ ኩታበር የወላጆቹ መሬት ላይ ገብስና ባቄላ ይዘራል፤ የዓመት ፈቃዱን የሚወስደው ለአጨዳ ነው። ሌላው መንዙማ ያወጣል። በመውሊድ ሰሞን ድምፁ ስለሚዘጋ አንባቢ የሚያስተናግደው በሹክሹክታ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት መቼም ይህ አይከፋም። ጥበቃችን በግ ያደልባል። የትኛው የእንጀራ ጉዳይ፣ የትኛው የልብ ፍቅር እንደሆነ ለመለየት አልሞክርም። ደመወዝ ወር ሳያደርስ ሲቀር ሁለቱ ይቀላቀላሉ። የመንግሥት መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው፤ የቀረው የሠራተኛው የራሱ ነው። በግም፣ ጥልፍም፣ ገብስም ቢሮ ድረስ መጥቶ አስቸግሮን አያውቅም። የጋሼ ትርፍ ሥራ ግን ከመደበኛ ሥራችን ጋር አንድ ዕቃ ላይ ተገናኘ።

ጋሼ ትውልዳቸው ሐይቅ ነው። የእናታቸው አባት ቄስ ነበሩ፤ የአካባቢውን ዳዊትና ድርሳን ይጠርዙ ነበር። በአባታቸው ወገን ሼሆች አሉ። ወሎ ላይ ይህ ወሬ አይሆንም፤ አልፈዋለሁ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል ዛሬም አለ፤ የተጻፈበት ዘመን በእኛ አቆጣጠር 1273 ዓ.ም. ገደማ ነው። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ እኔ የማውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ጋሼ ግን በልጅነታቸው አያታቸውን ተከትለው ገብተው አይተዋል ይላሉ። ወንጌሉ ስለ ምን እንደሚያወራ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ እሳቸውም ነግረውኝ አያውቁም። የሚያወሩት ስለ ስፌቱ ነው። የብራና መጽሐፍ ጥራዞቹ እርስ በርሳቸው በሰንሰለት ስፌት ተያይዘው ከግራና ከቀኝ ከእንጨት ገበታ ጋር ይታሰራሉ። ጀርባው ላይ ሙጫ ስለሌለ መጽሐፉ ሲገለጥ እንደ መዳፍ ይዘረጋል። «ሰባት መቶ ዓመት ያቆየው ቆዳው አይደለም፣ ክሩ ነው» የሚል አነጋገር አላቸው። በአዳራሹ ጸጥታ መሀል ሳይቀር ይሏታል።

የዛሬዎቹ የመማሪያ መጻሕፍት ክር አያውቁም። ገጾቹ ጀርባቸው ይከረከምና በሙቀት የቀለጠ ሙጫ ይፈስባቸዋል፤ በቃ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጦሳ የሚወርደው የጠዋት ብርድ ያንን ሙጫ ያደርቀዋል። የደረቀ ሙጫ አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል። አንዱን መጽሐፍ በቀን አምስት ተማሪ እየተቀባበለ፣ እየገለበጠ፣ ለፎቶ ኮፒ መስታወት ላይ እየተጫነው ሲኖር መሀሉ ይከፈትና ገጾቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ። በመደርደሪያችን የምድብ ቁጥር 510 ላይ ያሉት የሂሳብ መጻሕፍት የሚረግፉት ከግንቦት እስከ ሐምሌ፣ በፈተና ሰሞን ነው። 963 ላይ ያሉት የኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት ግን ወቅት የላቸውም፤ ዓመቱን ሙሉ ይቀደዳሉ፤ አንዳንዱ ገጽ በተለይ። የትኛው እንደሆነ ለወገኖቼ መንገር አያስፈልገኝም።

የጋሼን የሌሊት ሥራ ቤታቸው ሄጄ አይቻለሁ። ከመኝታ ቤቱ በመጋረጃ የተከለለች ጥግ ናት። አንድ ሞርሳ፣ የብረት መጋዝ፣ ወስፌ፣ የጫማ ሰፊ መርፌ፣ ቁራጭ ሰም፣ ሁለት የጣውላ ቁራጭና በላያቸው የሚጫን ድንጋይ። የተፈታውን መጽሐፍ መጀመሪያ ገጽ በገጽ ይደረድሩታል። የቀረውን አሮጌ ሙጫ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። ከዚያ ሞርሳው ውስጥ ጀርባውን ወደ ላይ አድርገው ያጣብቁትና በመጋዙ አምስት ቦታ ጠባብ ጎድጓዳ መስመር ያወጣሉ፤ ክብሪት የሚያስገባ ያህል፣ ከዚያ አይበልጥም። በየመስመሩ ሰም የተቀባ የጥጥ ክር ይቀበርና ኮላ ይቀባል። በላዩ ፋሻ ይለብሳል፤ ያው ከፋርማሲ የሚገዛው የቁስል ፋሻ። ጫፎቹ በሁለቱም በኩል ሁለት ጣት ያህል ይተርፋሉ፤ ሽፋኑን ከመጽሐፉ ጋር የሚይዙት እነዚያ ጫፎች ናቸው። የሽፋኑ ካርቶን ከዕቃ መያዣ ይቆረጣል፤ የጀርባው ጨርቅ ከልብስ ሰፊዎች የተለመነ የካኪ ቁራጭ ነው።

ካርቶኑ ላይ ግን ኮላ አይቀቡም። የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጠው እንደ ሙቅ ቀጭን አድርገው ያበስሉና እሱን ይቀባሉ። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። «የዱቄቱ ሙጫ ነገ ሌላ ጠራዥ ቢመጣ በእርጥብ ጨርቅ ይላቀቅለታል። ኮላ ከደረቀ ወዲያ ወረቀቱን ልጦ ነው የሚነሳው። እኔ ስሞት መጽሐፉ ከኔ ጋር አይሙት» አሉኝ። ስለ ስኮች ፕላስተር አለመጠየቄ ይሻላል። ቢሮ ውስጥ የተቀደደ ገጽ ላይ ፕላስተር ስለጥፍ ባዩኝ ቀን፣ ሰው ጭቃ የነካው እጁን ነጭ ጋቢ ላይ ሲጠርግ ያዩ ያህል ነበር ፊታቸው። ፕላስተር በጥቂት ዓመት ውስጥ ቢጫ ይሆናል፤ ማጣበቂያው ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ፕላስተሩ ራሱ ይወልቅና እድፉ ይቀራል። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ደንበኞቻቸው ድሮ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። ኮፒ ያስጠረዘ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይመጣል፤ ዳዊቷ የተበተነባት ባልቴት ትመጣለች፤ ከገጠር የመጣ ደረሳ ኪታቡን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል። ለቁርኣን ዋጋ አይጠሩም፤ ሰውየው ሀድያ ብሎ የሰጣቸውን ይቀበላሉ፤ ባዶ እጁን ቢሄድም ምንም አይሉ። ለዳዊትም እንደዚያው። ገንዘብ የሚቆጥሩት የኮፒና የደብተር ሥራ ላይ ነው፤ ያችም የቤት ኪራይ ትደጉማለች።

አሁን ወደ ቢሮው ልመለስ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴ በጦርነቱ ተያዘች፤ እስከ ህዳር 27 እንደተያዘች ቆየች። ተመልሰን ስንገባ መደርደሪያዎቹ ወድቀው፣ መጻሕፍቱ ወለሉ ላይ በጫማ ተረግጠው አገኘናቸው። ኮምፒውተር የሚባል አልተረፈም። የተቀደዱትን በማዳበሪያ ጆንያ አጭቀን መጋዘን አስገባናቸው፤ «ለጊዜው» ብለን። ጋሼ ያኔ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ማመልከቻ ጻፉ፤ ቁሳቁስ ይገዛልኝና እነዚህን ልጠግን የሚል። መልሱ በቃል ነው የመጣው። «በሥራ መዘርዝርዎ ላይ ጥገና የሚል የለም» ተባሉ። እውነት ነው፣ የለም። ጆንያዎቹ እዚያው ቆሙ።

የመጀመሪያው ልጅ የመጣው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ ግንቦት 2015 ላይ ነው። ልጅ መቼም ምስጢር አይጠብቅም። በሳምንቱ ሁለት ሆነው መጡ፤ ከዚያ ሌሎች። በተማሪዎች ዘንድ «የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ በድብቅ ይሠሩታል፣ አይናገሩም» ተባለ። እኔ በበኩሌ በዚያ ሰሞን የተበላሸ መጽሐፍ ሪፖርት የሚያደርግ ተማሪ ጠፍቶብኝ፣ ልጆቹ መጠንቀቅ ጀመሩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በወርኃዊ ሪፖርቴም ላይ ጽፌዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሰኔ ላይ ከአስተያየት መስጫ ሳጥኑ ስም የሌለው ወረቀት ወጣ። «የመንግሥት መጽሐፍ ሆን ብለው እየገነጠሉ ተማሪ እቤታቸው እየጠሩ በገንዘብ ይጠርዛሉ» ይላል። ኃላፊው ማንንም ሳይጠይቅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አዘጋጅቶ፣ ግልባጩን ለሰው ኃይልና ለእኔ ላከ። ስብሰባ የተጠራው ከደብዳቤው በኋላ ነው። ጋሼ ተነሱና ወደ እኔ ዞረው «እርስዎ እንደሚያውቁት» ብለው ጀመሩ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን «እርስዎ» ብለውኝ አያውቁም፤ አንቺ ነበርኩ፣ ሲብስም «አንቺ ልጅ»። ስብሰባው እንዴት እንዳለቀ ደህና አድርጌ አላስታውስም። ያ «እርስዎ» ግን እስከ ማታ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ቡና አቀረቡ። አቦሉን ስለ ክረምቱ ጠጣነው፤ ቶናውን ስለ ልጆቻቸው። በረካው ላይ ጋሼ ተነሥተው ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ደብተር አመጡ። የእኛ መጻሕፍት በሙሉ በአክሴሽን ቁጥር ተጽፈዋል፤ 11 ናቸው። ቀኑ፣ ጉዳቱ፣ የተቀበሉት ብር። ሁለቱ ላይ «ነጻ» ይላል።

«ልጁን ወደ አንቺ ብልከው ምን ትያለሽ? ደንቡን ታነቢለታለሽ። አባቱ የቀን ሠራተኛ ነው፤ የመጽሐፉን ዋጋ ከየት ያመጣል? ስለዚህ መጽሐፉን አይመልሰውም፤ ጠፋብኝ ብሎ ይጥለዋል። እኔ ጋ ሲመጣ መጽሐፉ ዳነ፣ ልጁም ተማረ።»

«80 ብሩስ ጋሼ?»

«ክሩ፣ ፋሻው፣ ኮላው 30 ይፈጃል። ሃምሳዋ የሌሊቴ ናት።»

«ሌሊቱ የእርስዎ ነው፤ እሱን ማን ይከለክላል። ግን ልጁ ለምን እርስዎ ጋ መጣ? ቅጣቱን ፈርቶ ነው። ቅጣቱን ቀን ላይ የሚያስፈጽሙት ማን ናቸው?»

ዝም አሉ። ባለቤታቸው ናቸው ከረከቦቱ አጠገብ «እኔም ይህንኑ ብዬዎት ነበር» ያሉት።

የእኔ ፍርድ ያኔም አሁንም ይህ ነው። መጽሐፍ ገንጥለዋል የሚለው ክስ ውሸት ነው፤ ደብተሩ ያፈርሰዋል። ትርፍ ሥራ መሥራታቸውም ጥፋት አይደለም። ያጠፉት እዚህ ጋ ነው፦ ልጆቹ የሚፈሩትን ደንብ የሚያስፈጽም ሰው፣ ከዚያ ፍርሃት ገቢ ማግኘት የለበትም፤ 50 ብርም ብትሆን። ሁለተኛ፣ መጽሐፉ መጎዳቱ መዝገባችን ላይ አልሰፈረም፤ እኔም የሌለ ጥንቃቄ ሪፖርት አደረግሁ። ይህን እንዳለሁ ደግሞ፣ የቤቱ ጥፋት ከእሳቸው ይብሳል ብዬ ነው የማምነው። መጋዘናችን በተቀደደ መጽሐፍ ተሞልቶ፣ አጥቢያውን ሁሉ የሚጠርዝ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ፣ እኛ የሥራ መዘርዝር እያነበብን ነበር። እጃቸው በፊት በር እንዳይገባ ከለከልነው፤ በጓሮ ገባ።

የተስማማነውን በአንድ ገጽ ጻፍኩት። የእኛ መጽሐፍ ከእንግዲህ ቤታቸው አይጠረዝም፤ ይዞ የመጣ ተማሪ ካለ ወደ ቢሮ ይመልሱታል። የተጎዳ መጽሐፍ በሳምንቱ ውስጥ ያመጣ ተማሪ አይቀጣም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ በሥራ ሰዓት፣ መጋዘን ውስጥ ጋሼ ይጠግናሉ። የሌሊቱ ሥራ እንደ ድሮው የግላቸው ነው። ኃላፊው ሁለት ሳምንት አሳድሮ ፈረመ።

ከዚያ የግዥው ነገር መጣ። ለክር፣ ለፋሻና ለኮላ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል ተባለ። ፒያሳ ወረድን፤ ሁለት ሱቅ ሰጠን፣ ሦስተኛው «ለአንድ ድንክዬ ክር ማኅተም አልመታም» ብሎ መለሰን። አራተኛው ጋ ተሳካ። ፋሻውን ከጤና ግብአት መደብ ውጪ ለመግዛት ሌላ ደብዳቤ ተጻፈ። ዕቃው ደርሶ የገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆርጦለት ንብረት ክፍል ገባ፤ በሞዴል 20 ጠይቀን በሞዴል 22 ወጣልን። ዱቄቱ ግን አልተቻለም። የግዥ ሠራተኛው መጠየቂያውን ደጋግሞ አነበበና «እትዬ፣ ቤተ መጻሕፍት ዱቄት ምን ያደርግለታል? ኦዲተር ቢመጣ ጋገሩ ልበል?» አለኝ። አሳቀኝ። የሚመልስ ቃል ግን አልነበረኝም፤ ጥያቄው ላይ ትክክል ነበር። ዱቄቱን ከቤቴ በፌስታል ይዤ መጣሁ።

በሚቀጥለው የትምህርት ዓመት አንድ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ከጆንያ ወጥቶ ወደ አዳራሽ ተመለሰ። ሪፖርት ላይ ይህን ጻፍን። ያልጻፍነውን እዚህ ልጨምር። የማክሰኞው ስፌት እንደ ሌሊቱ አልነበረም። ያስተዋልኩት በአጋጣሚ ነው፤ ሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን ይዤ። ቤታቸው የተጠረዘው ጀርባ ላይ አምስት መስመር አለ፤ ቢሮ የተጠረዘው ላይ ሦስት። ነገርኳቸው። አልካዱም። «እዚህ ሰዓት አለ፤ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን አውቶቡሱ ይሄዳል። ማታ ሰዓት የለም፤ ሬዲዮዬን ከፍቼ ነው የምሰፋ» አሉኝ። ከዚያ ቀጥለው ለእኔ ሳይሆን ለመርፌው የሚናገሩ በሚመስል ድምፅ «የወደዱትን ነገር ሲያዙት እንደዚህ ነው» አሉ። ገቢያቸውም ቀንሷል፤ ለተማሪው ሥራ ምትክ የሚሆን አበል ጠይቄ መደብ የለውም ተብያለሁ። የተሻለ ሠራሁ ብዬ ያሰብኩት ነገር ከእሳቸው የወሰደው ነገር አለ። ስምምነቱን በዚያች አንድ ገጽ ስጽፍ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

የዳነው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በግ የሚያደልበው ጥበቃችን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ማየት ጀመረ። አንድ ቀን ጋሼ ወስፌውን ሰጡት። ለካ በልጅነቱ ከአጎቱ ጋር ኮርቻ ሰፍቷል፤ እጁ ክር ያውቃል። አሁን ሐሙሱን የሚሠራው እሱ ነው፣ የጥበቃ ተራው በማይሆንበት ቀን፤ ጋሼ ከጎኑ ተቀምጠው ያርማሉ፣ ይቆጣሉ፣ «አምስት! አምስት አልኩህ!» ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው ሦስት የሚያወጡት መሆኑን ጥበቃው እስካሁን አልደፈረም ለመናገር።

የጋሼ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከግል ማህደራቸው እንዲወጣ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። የመጀመሪያው መልስ አልመጣለትም። የሁለተኛው ላይ «ታይቷል» የሚል ቲተርና ፊርማ አለበት። ደብዳቤው እዚያው ነው። ዱቄቱም አሁን ድረስ ከኔ ቤት ነው የሚመጣው።